ንቦቹ እንዳይሄዱባችሁ፦ ድሬዳዋና ሐረር ላይ ንብ ማነብ ለምትጀምሩ

ንብ ማነብ የጀመረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው። «አቦ፣ ማሩ መቼ ነው የሚደርሰው?» ጥያቄው ክፋት የለውም። ግን በእኛ አካባቢ ከሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ። ንቦቹ ይቆያሉ ወይ? ቀፎ ገዝቶ፣ ንብ አስገብቶ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ባዶ ሳጥን ታቅፎ የቀረ ሰው ብዙ ነው። ማር ያጣው ንቦቹ ሰነፍ ሆነው አይደለም። ጥለውት ሄደው ነው።

ስለዚህ ከማር ቆረጣ አልጀምርም። የምጀምረው ንብ ለምን ቤቷን ጥላ እንደምትሄድ በማስረዳት ነው። እሱ ከገባችሁ የቀፎው ዓይነት፣ የሚቀመጥበት ቦታ፣ የሚከፈትበት ሰዓት፣ የሚቆረጠው ማር ልክ፣ ሁሉም ለምን እንደዚያ እንደሚደረግ አብሮ ይገባችኋል።

ሁለት ዓይነት መሄድ አለ

ዩቲዩብ ላይ የምታዩት የፈረንጅ ንብ አናቢ ብዙ ጊዜ በቲሸርት ሆኖ ቀፎ ይከፍታል። የሱ ንብ ገራም ገራሟ እየተመረጠች ለረጅም ዘመን የተራባች ናት። በዚያ ላይ አገሩ የበረዶ ወራት አለው። ንቧ ብዙ ማር አከማችታ ቤቷ ካልቆየች በብርድ ታልቃለች። የእኛዋ ታሪክ ሌላ ነው። ድርቅ፣ የሰደድ እሳት፣ ጉንዳንና ማር ዘራፊ ባለበት ምድር የኖረች ናት። ለሷ መሄድ ነፍስ ማዳን ነው። ቦታው ካልተመቻት ማሯን በሆዷ ይዛ ትነሳለች። ይህ ጠባይ ክፋት አይደለም፤ እስከ ዛሬ ያቆያት ብልሃት ነው።

ጀማሪዎች ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይቀላቅላሉ።

አንደኛው መንጋ መውጣት ነው። አበባ ሲበዛና ቀፎው ሲጠባቸው ንቦቹ አዲስ ንግሥት ያሳድጋሉ። አሮጊቷ ንግሥት ግማሽ ያህሉን ሠራተኛ ይዛ ትወጣና አቅራቢያ ያለ ዛፍ ላይ ትሰፍራለች። ቀፎው ግን ባዶ አይቀርም። የቀሩት ከአዲሷ ንግሥት ጋር ይቀጥላሉ። የጥጋብ መሄድ ነው። ምልክቱም ከቀናት በፊት ይታያል። ድንጉላ (ወንድ) ንቦች ይበዛሉ፤ የማር እንጀራው ጠርዝና ታች ላይ ወደ መሬት የተንጠለጠሉ ረዘም ያሉ የንግሥት ክፍሎች ይሠራሉ። መፍትሔው ቦታ መጨመር ነው፤ ወይም ንቡን ራሳችሁ ለሁለት መክፈል።

ሁለተኛው መኮብለል ነው። ንግሥቷ፣ ሠራተኛው፣ ድንጉላው፣ ሁሉም ጠቅልለው ይሄዳሉ። ይሄ የችግር መሄድ ነው። ችግሩ ድንገተኛ ከሆነ፣ ለምሳሌ ጉንዳን ሲወርራቸው ወይም ቀፎው ሲንኮታኮት፣ በዚያው ቀን ሊነሱ ይችላሉ። እጫቸውንም ትተው። ችግሩ ረሃብ ወይም ሙቀት ከሆነ ግን ተዘጋጅተው ነው የሚሄዱት። ንግሥቷ እንቁላል መጣል ታቆማለች። ያሉት እጮች አድገው እስኪወጡ ይጠብቃሉ። የተከማቸውን ማር ይበላሉ። ከዚያ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቀፎው ጭር ይላል።

ልብ በሉ፤ ይህ ዝግጅት ሁለት ሦስት ሳምንት ይወስዳል። ማለትም ለሚያይ ሰው የማዳኛ ጊዜ አለ።

የቀፎውን አፍ ማንበብ

ጀማሪ ቀፎ በየቀኑ መክፈት ያምረዋል። አይሞከርም። ቀፎ በከፈታችሁ ቁጥር ሙቀታቸው ይዛባል፤ ይረበሻሉ፤ መረበሽ ራሱ አንዱ የመሄጃ ምክንያት ነው። ከመክፈት ይልቅ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ከቀፎው ጎን ቁጭ ብላችሁ አፉን እዩ። ከፊት ለፊት አይደለም። መግቢያቸው ላይ የቆመን ሰው አይወዱም።

መጀመሪያ የኋላ እግራቸውን ተመልከቱ። ከሚገቡት ንቦች ብዙዎቹ ቢጫ፣ ብርቱካንማ ወይም ነጣ ያለ ቅንጣት በሁለቱ የኋላ እግሮቻቸው ላይ ተሸክመው ካያችሁ እሰየው። ይሄ ጽጌ ብናኝ ነው። ጽጌ ብናኝ የእጭ ምግብ ስለሆነ የሚገባው ውስጥ የሚመገብ ልጅ ሲኖር ነው። ልጅ አለ ማለት በአብዛኛው ንግሥቷ አለች፤ እየጣለችም ነው። ቀፎውን ሳትነኩ ይህን ሁሉ አወቃችሁ። በአንጻሩ አካባቢው አበባ እያለው ለቀናት ባዶ እግር ብቻ የሚገባ ከሆነ ጊዜው ሳያልፍ ውስጡን ማየት ያስፈልጋል።

ከዚያ የማቆሚያውን እግር እዩ። የጉንዳን መስመር ጀምሮ ከሆነ ነገ አይባልም፤ ዛሬ ነው የሚቋረጠው። መሬቱንም እዩ። ጥቂት የሞቱ ንቦች ሁልጊዜ ይኖራሉ። ድንገት ብዙ ሬሳ፣ ምላሱን አውጥቶ የሞተ፣ የሚንቀጠቀጥና መብረር ያቃተው ንብ ካያችሁ አቅራቢያ መድኃኒት ተረጭቷል ማለት ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

የቤተሰቡ ቀን አቆጣጠር

አንድ ኅብረ ንብ (በአንድ ቀፎ አብሮ የሚኖር የንብ ቤተሰብ) ውስጥ አንድ ንግሥት፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችና በወቅቱ የሚበዙ ድንጉላዎች አሉ። ንግሥቷ በጥሩ ወቅት በቀን ከ1000 በላይ እንቁላል ትጥላለች። ከእንቁላል እስከ ሙሉ ንብ ለንግሥት 16 ቀን፣ ለሠራተኛ 21 ቀን፣ ለድንጉላ 24 ቀን ይፈጃል። ሠራተኛዋ ከወጣች በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ገደማ ቤት ውስጥ ትሠራለች። እጭ ትመግባለች፣ ሰም ታወጣለች፣ በር ትጠብቃለች። አበባ ልትቀስም የምትወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሥራ በበዛበት ወቅት ዕድሜዋ በጠቅላላው ስድስት ሳምንት ገደማ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ለፈተና የሚሸመደዱ አይደሉም። ደምሯቸው። 21 ቀን ለማደግ፣ 21 ቀን ያህል ለቤት ሥራ፤ 42 ቀን። መስከረም 10 ላይ አደይ አበባ የምትቀስም ንብ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ እንቁላል መሆን አለባት። በክረምቱ ዝናብ «አሁን አበባ የለም፤ ምን ሊሠሩ» ብሎ ቀፎውን የረሳ ሰው የመስከረምን ማር ያጣው ያኔ ነው። አበባው ሲመጣ የሚቀስመው ሠራዊት የለም። ለእኔ ከንብ ማነብ ትምህርት ሁሉ ዋናው ይሄ ነው። ዛሬ የምታደርጉት ነገር ውጤቱ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው የሚታየው።

የቱ ቀፎ?

ሦስት ዓይነት አለ። ባህላዊው ከቀርከሃ፣ ከሐረግ ወይም ከግንድ ተሠርቶ በጭቃና በእበት የሚለሰነው ድቡልቡል ቀፎ ነው። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ሙቀትም ይከላከላል። ችግሩ ውስጡን ማየት አይቻልም። ማር ሲቆረጥ እጩም አብሮ ይቆረጣል። ብዙውን ጊዜ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ማር ይሰጣል። ዘመናዊው ደግሞ ፍሬም (እንጀራው የሚሠራበት ተነቃይ የእንጨት ክፈፍ) ያለው ባለ ፎቅ ሳጥን ነው። በደንብ ከተያዘ ከ15 እስከ 20 ኪሎ፣ ከዚያም በላይ ይሰጣል። የዚህ ቀፎ ምስጢር አሜሪካዊው ላንግስትሮዝ በፈረንጆቹ 1851 ያስተዋለው ነው። ንቦች ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ያለ ክፍተት ካገኙ እንደ መተላለፊያ ይተዉታል፤ ከጠበበ በሙጫ ይደፍኑታል፤ ከሰፋ እንጀራ ይሠሩበታል። ፍሬም ሳይጣበቅ የሚወጣው ለዚህ ነው። የኛ አገር አናጢ ልኩን ከሳተ ዘመናዊ የተባለው ቀፎ ውስጡ ሁሉ ተጣብቆ ከባህላዊው የባሰ ይሆናል። በዚያ ላይ የታተመ ሰም (ንቦቹ እንጀራ የሚጀምሩበት ቅርጽ የወጣለት የሰም ንጣፍ)፣ ማሩን ከፍሬሙ የሚያወጣ ማሽንና ሥልጠና ይፈልጋል።

በመካከል ያለው የሽግግር ቀፎ ነው። ከላይ ርብራብ እንጨቶች ይደረደሩና ንቦቹ ከእያንዳንዱ ርብራብ ላይ አንድ እንጀራ ወደ ታች ይሠራሉ። እንጨቱን አንስታችሁ ታያላችሁ፤ ትመልሳላችሁ። ከእንጨትና ከጭቃ የሚሠራው ዓይነት ጨፈቃ ይባላል። እኔ ለጀማሪ የምመክረው ይህንን ነው፤ ደግሜ ደጋግሜ። ድሬዳዋ ላይ ቀጭን ጣውላና ቆርቆሮ ክዳን ያለው ሳጥን ቀትር ላይ ምድጃ ይሆናል። የጨፈቃው ጭቃ ግን ሙቀቱን ይይዝላችኋል። አንድ ነገር ብቻ አጥብቃችሁ ያዙ። የርብራቡ ስፋት 32 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። የእኛ ንቦች እንጀራቸውን የሚያራርቁት በዚያ ልክ ነው። ልኩ ከተሳሳተ እንጀራው ከአንዱ ርብራብ ወደ ሌላው አግድም ይያያዛል፤ ያኔ ቀፎው አይከፈትም።

ደግሞ አንድ ቀፎ ሳይሆን ሁለት ይሁን። አንዱ ሲዳከም ሌላውን እያያችሁ ልዩነቱን ታውቃላችሁ። አንደኛው ንግሥቱ ብትሞት፣ ከሌላው ትኩስ እንቁላልና ገና የተፈለፈለ እጭ ያለበትን እንጀራ ወስዳችሁ ትሰጡታላችሁ። ሠራተኞቹ ከዚያ ራሳቸው አዲስ ንግሥት ያሳድጋሉ። አንድ ቀፎ ብቻ ያለው ሰው ይህን ማድረግ አይችልም።

ጥላ፣ ውሃ፣ ጎረቤት

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረር ወደ 1900 ሜትር ትጠጋለች። በመካከላቸው የደንገጎ ዳገት አለ። በመኪና ብዙም አይርቁም፤ ለንብ ግን ሁለት አገር ናቸው። ሐረር ላይ የሚያስቸግረው ከሙቀት ይልቅ የአበባ መጥፋት ነው። ድሬዳዋ ላይ ሁለቱም ያስቸግራሉ።

ንቦች እጭ ያለበትን የቀፎ ክፍል 34 ወይም 35 ዲግሪ ላይ ማቆየት አለባቸው። ውጪው ከዚያ ሲያልፍ ውሃ ቀድተው ያመጣሉ፣ እንጀራው ላይ ጠብ ጠብ ያደርጋሉ፣ በክንፋቸው ያራግቡታል። ድሬ ላይ አመሻሽ ግቢው ውሃ ሲረጭ እንደሚቀዘቅዘው ማለት ነው። ውሃ ከሌለ ወይም ሩቅ ከሆነ የአበባ ቀሳሚው ሁሉ ውሃ ቀጂ ይሆናል። ማሩ ይቀራል። ሙቀቱ ከባሰ አዲስ የተሠራ ሰም ይለሰልስና ማር የሞላው እንጀራ ከነክብደቱ ይወድቃል። ይሄ የሆነበት ቀፎ ደግሞ በአብዛኛው ይኮበልላል።

እንግዲህ ድሬዳዋ ላይ ቀፎ ከኒም፣ ከማንጎ ወይም ከግራር ጥላ ሥር ይቀመጥ። የጠዋት ፀሐይ ቢነካው ግድ የለም፤ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ግን ፈጽሞ አይንካው። ክዳኑ ላይ ሣር ወይም ያረጀ ሰሌን ደርቡበት። ውሃውን ዝርግ ዕቃ ላይ አድርጋችሁ ጠጠርና እንጨት ጨምሩበት፤ መቆሚያ ካላገኙ ይሰምጣሉ። ውሃው ንቦቹ ከመምጣታቸው በፊት ዝግጁ ይሁን። አንዴ የጎረቤትን ሮቶ ከለመዱ ማስለቀቅ አስቸጋሪ ነው። ጠቡም ከዚያ ይጀምራል።

ስለ ጎረቤት ካነሳን፦ ጀጎል ውስጥ ወይም ከዚራ ግቢ ውስጥ ቀፎ ማስቀመጥ ትክክል አይመስለኝም። የእኛ ንብ ስትቆጣ መንገደኛ አትለይም። ልጆች በሚጫወቱበት፣ አህያና በግ በሚታሰርበት አካባቢም እንደዚያው። የታሰረ እንስሳ ሮጦ ማምለጥ አይችልም። ደግሞም ከተማ መሃል መግባት አያስፈልግም። ንብ እስከ 3 ኪሎ ሜትር ርቃ ትቀስማለች። ይህ በዙሪያዋ ከ28 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያላነሰ ማለት ነው። ከኤረር በር ወጣ ብሎ የተቀመጠ ቀፎ ጀጎልን በሙሉ ሊያዳርስ ይችላል።

ቀፎውን ከመሬት ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር ከፍ አድርጉ። የማቆሚያውን እግሮች የተቃጠለ ዘይት ያለበት ቆርቆሮ ውስጥ አቁሟቸው። በዙሪያው ሣር አጭዱ፣ አመድ በትኑ። ጉንዳን በሣር ቅጠል ድልድይ ይሻገራል።

አበባውንስ? ድሬዳዋና ዙሪያዋ ግራር፣ በለስ፣ እሬት፣ በመስኖ የሚለማው ሎሚና ፓፓያ አለ። ፕሮሶፒስም አለ። ይህ ወራሪ ዛፍ ለግጦሽ መሬት መዓት ነው፤ መስፋፋቱን ማንም አይደግፍም። ግን ዝናብ በሌለበት ጊዜም ስለሚያብብ ለንብ ጥሩ ወለላ (ማር የሚሆነውን የአበባ ጣፋጭ ፈሳሽ) ይሰጣል፤ እዚያው ያለው ዛፍ ይህን ያህል መጥቀሙ እውነት ነው። ሐረር በኩል ብሳና፣ ዋንዛ፣ ወይራ፣ ግራዋ፣ ባሕር ዛፍ፣ ከክረምት በኋላ ደግሞ አደይ አበባ አለ። ማሽላና በቆሎ ወለላ የላቸውም፤ ጽጌ ብናኝ ግን ይሰጣሉ። ቡና ዝናብ ከመታው በኋላ በአንድ ጊዜ ነጭ ይለብስና በቀናት ውስጥ ይረግፋል። ለዚያች አጭር ጊዜ የደረሰ ጠንካራ ኅብረ ንብ ያተርፋል። የቡናው ባለቤትም ያተርፋል፤ ንብ የጎበኘው ቡና የተሻለ ፍሬ ይይዛልና። የዛፍ ቁልቋል ማር ግን ጉሮሮ ያቃጥላል። እሱ በብዛት ያለበት ቦታ ለጀማሪ አይመከርም።

የጫቱ ነገር

ሐረርጌ ላይ ስለ ንብ እየጻፉ ጫትን መዝለል አይቻልም። ጫት ላይ ፀረ ተባይ መርጨት በአካባቢያችን የተለመደ ነው። «ጫት እኮ ለጋው ስለሚቆረጥ አያብብም፤ ንብ ምን ሊያደርግ ይሄዳል?» የሚል ሰው አለ። ንብ የጫቱን አበባ ፈልጋ አይደለም የምትሄደው። ከጫቱ ሥር አረም ያብባል። ጠዋት ቅጠሉ ላይ ጤዛ ይኖራል፤ ውሃ የጠማት ንብ ትጠጣዋለች። ነፋሱ መድኃኒቱን አጠገቡ ወዳለው በቆሎና ማሽላ ይወስደዋል። አንዷ ቀሳሚ የተበከለ ጽጌ ብናኝ ይዛ ከገባች ደግሞ የሚበላው እጩ ነው።

ይሄ የሚፈታው በንግግር ነው። ቀፎ ከማስቀመጣችሁ በፊት በዙሪያችሁ ያሉትን ባለ ማሳዎች አነጋግሩ። ሁለት ነገር ለምኗቸው። የሚረጩበትን ቀን አስቀድመው እንዲነግሯችሁ፣ እና አመሻሽ ላይ ንብ ከገባ በኋላ እንዲረጩ። አመሻሽ የተረጨ መድኃኒት ሌሊቱን በመጠኑ ይደርቃል። ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ ባይቀርም ይቀንሳል። በሚቀጥለው ጠዋት ንቦቹ ከቤት ሳይርቁ እንዲጠጡ የራሳችሁን ውሃ መሙላት አትርሱ። ቀፎውን ቀኑን ሙሉ መዝጋት መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ። በድሬ ሙቀት የተዘጋ ቀፎ ግን ንቦቹን አፍኖ ይፈጃል። በጣም የሚረጭበት ቦታ ከሆነ ቦታውን መተው ይሻላል። የመጀመሪያውን ማር ስትቆርጡ ደግሞ ለእነዚሁ ጎረቤቶች አድርሱ። ማሩን የቀመሰ ሰው ከመርጨቱ በፊት ደውሎ ይነግራችኋል።

ንብ ከየት ይገኛል?

አንዱ መንገድ መንጋ መያዝ ነው። ባዶውን ቀፎ አጽድታችሁ ውስጡን በንጹሕ ሰምና በጠጅ ሣር እሹት። የጠጅ ሣር ሽታ ንቦች ራሳቸው «እዚህ ነው ቤቱ» ለማለት ከሚያወጡት ሽታ ጋር ይቀራረባል። አባቶች ቀፎ የሚያጥኑትም በዚሁ ሐሳብ ነው። ከዚያ ዛፍ ላይ ሰቅላችሁ መጠበቅ ነው። ሁለተኛው መንገድ ከነቀፎው መግዛት ነው። ስትገዙ ቀን ላይ ሄዳችሁ አፉን እዩ፤ ጽጌ ብናኝ ይግባ። ማጓጓዙ ግን ሌሊት ነው። አፉ በወንፊት ይዘጋ፤ አየር ይግባ።

ሁለቱም ቢሆን ወቅቱን ተከተሉ። የሚጀመረው አበባ ሊፈነዳ ሲል ነው። ከክረምቱ ማብቂያ ጋር ወይም ከበልግ ዝናብ ቀጥሎ። ታኅሣሥና ጥር ላይ ንብ የሚያስገባ ሰው ገና ከመጀመሪያው ረሃብ ውስጥ ነው የሚከታቸው።

ቀፎ ሲከፈት

ንብ ስትነድፍ መርዝ ብቻ አይደለም የምትተወው። የማስጠንቀቂያ ሽታም ትተዋለች። ሽታው የበሰለ ሙዝ ይመስላል። ሌሎቹ ይህን ሲያሸቱ የተነደፈው ቦታ ላይ ይረባረባሉ። አንድ ንድፊያ በደቂቃ ውስጥ ብዙ የሚሆነው ለዚህ ነው። ጢስ ሁለት ሥራ ይሠራል። የማስጠንቀቂያውን ሽታ ይሸፍናል። ንቦቹም እሳት የመጣ መስሏቸው ማር ሊጠጡ ይጣደፋሉ፤ ሆዱ የሞላ ንብ ለጠብ አይቸኩልም።

ማጨሻው ላይ የደረቀ ኩበት ጥሩ ነው። ነጭ፣ ወፍራም፣ ቀዝቀዝ ያለ ጢስ ይስጥ። እጃችሁ ላይ ነፍታችሁ ሞክሩት፤ የሚያቃጥል ከሆነ ንቦቹንም ያቃጥላል። ሲከፈት መጀመሪያ አፉ ላይ ጥቂት ጊዜ ንፉ። አንድ ሁለት ደቂቃ ታገሡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ አጭሶ ወዲያው ይከፍታል። ጢሱ ሥራውን እስኪሠራ መጠበቅ አለበት። ከዚያ ርብራቦቹን ከዳር ጀምሮ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብሎ። መቸኮልና ንብ መጨፍለቅ ሽታውን ይቀሰቅሳል።

የሚሻለው ሰዓት ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። ሙቀቱ በርዷል፣ ሰው ከመንገድ ቀንሷል፣ ቢቆጡም ሌሊቱ ያበርዳቸዋል። ከመሸ ቀይ መብራት ተጠቀሙ፤ ንብ ቀይ አያይም። ልብሳችሁ ነጣ ያለ ይሁን። ጥቁርና ጸጉራም ልብስ ያስቆጣል። ሽቶ ተቀብቶ ወይም ዕጣን ታጥኖ ወደ ቀፎ መሄድም የለም። ሐረርና ድሬ ላይ ይሄ ከባድ ትእዛዝ መሆኑን አውቃለሁ።

ከተነደፋችሁ መርፌውን ወዲያው በጥፍር ጠርጋችሁ አውጡና ከቀፎው ራቁ። ማበጥና ማሳከክ የተለመደ ነው። ከንፈርና ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሰውነት ሁሉ ሽፍታ ካወጣ፣ ራስ ካዞረ ግን ያለ ምንም መዘግየት ወደ ሐኪም ቤት። ይህ አለርጂ ነው፤ ሊገድል ይችላል። ብቻችሁን ቀፎ አትክፈቱ የምለውም ለዚህ ነው።

የረሃብ ወራትና የማር ቆረጣ

በእኛ አካባቢ ዋናው ማር ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይደርሳል። በልጉ ጥሩ ከሆነ ግንቦትና ሰኔም ላይ ሌላ አለ። ከዋናው ቆረጣ በኋላ ደረቁ በጋ ይመጣል። እዚህ ላይ ነው የጀማሪ ስስት ዋጋ የሚያስከፍለው። ማር የንቦቹ ስንቅ ነው። ያለውን ሁሉ ከቆረጣችሁ ጥር ላይ ይኮበልላሉ፤ ለሚመጣው ዓመት እንደገና ንብ ፍለጋ ትገባላችሁ። ከእጩ አጠገብ ያሉትን የማር እንጀራዎች ተዉላቸው። ከዳር ያሉትን ብቻ ውሰዱ። በመጀመሪያው ዓመት ምንም ባትቆርጡ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

ረሃቡ ከጠና ስኳርና ውሃ እኩል በእኩል በጥብጣችሁ አመሻሽ ላይ ቀፎው ውስጥ ስጡ። ውጪ ከሆነ የሌላ ቀፎ ንቦች መጥተው ይዘርፏቸዋል። ለእጭ ደግሞ የጽጌ ብናኝ ምትክ ያስፈልጋል። የኛ ንብ አናቢዎች ለዚህ በሶና ሽሮ ይሰጣሉ፤ ደረቅ ዱቄቱን። ንቦቹ ልክ እንደ ጽጌ ብናኝ እግራቸው ላይ ጠቅልለው ሲሸከሙት ማየት በጣም ደስ ይላል። ሽሮው ቅመምና ጨው የሌለበት ይሁን። ማር ሊደርስ ሲል ግን ስኳር መስጠት ይቁም። አለበለዚያ የምትቆርጡት ማር ሳይሆን የራሳችሁን ስኳር ነው።

ማር መድረሱ የሚታወቀው ንቦቹ ክፍሉን በሰም ሲያሽጉት ነው። ወለላ ከአበባ ሲመጣ አብዛኛው ውሃ ነው። ንቦቹ እያራገቡ ውሃውን ከ20 በመቶ በታች ያወርዱታል፤ ከዚያ ያሽጉታል። ከእንጀራው ሦስት አራተኛው ካልታሸገ አትቁረጡ። ያልበሰለ ማር ዕቃ ውስጥ ይፈላል፤ ለጠጅ ካልሆነ ለሌላ አይሆንም።

የተቆረጠውን በንጹሕ ወንፊት አጥልላችሁ በብርጭቆ ወይም ለምግብ በተሠራ ፕላስቲክ ዕቃ አስቀምጡ። ጋዝ ወይም ዘይት የነበረበት ጀሪካን ቢታጠብም አይሆንም። ክዳኑ ይጠበቅ፤ ማር የአየሩን እርጥበት ይስባል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ተህዋስ ለትልቅ ሰው ምንም ባይሆንም ሕፃንን ይመርዛል።

ማሩ ሲረጋ «ስኳር ተቀላቅሎበታል» የሚል ገዢ ያጋጥማችኋል። ቀፊራም ሸዋ በርም ይህ ክርክር አያልቅም። ንጹሕ ማር ይረጋል። ከምን አበባ እንደመጣ እየታየ አንዱ ቶሎ፣ ሌላው ዘግይቶ ይረጋል። ውሃ ውስጥ ጠብ አድርጎ ወይም ክብሪት ለኩሶ መፈተሽም አያስተማምንም። ለማቅለጥ እሳት ላይ አትጣዱት። ዕቃውን እጅ የማያቃጥል ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁማችሁ ጠብቁ።

ጭማቂው ከወጣ በኋላ የሚቀረውን ሰፈፍ አትጣሉ። ከውሃ ጋር አፍልታችሁ በጨርቅ ስታጠሉት ሰሙ ከላይ ይረጋል። ለጧፍ ይፈለጋል፤ ይሸጣል። ጥቂቱን ግን ለራሳችሁ አስቀሩ። በሚቀጥለው ወቅት የአዲሱን ቀፎ ርብራብ የምታሹበት እሱ ነው።